መቃ እና የፍየል ምሳ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ራህማ እጄን ይዛ አሶሳ ውስጥ፣ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር አዲስ ከተከፈተ ጁስ ቤት አስገባችኝ። «እማዬ፣ ባህላዊ ቤት ነው፣ ደስ ይልሻል» ብላ ነው ያታለለችኝ። ባህላዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቼ አየሁት። ለመቀመጥም ለመነሣትም የማይመች የቀርከሃ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ዱቄት ተነፍቶበት የማያውቅ ወንፊት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ውሃ ገብቶበት የማያውቅ እንስራ። እንስራው ውስጥ ጫፉ ቢጫ ብሩሽ የመሰለ ረጅም ሣር ተሰክቷል። ሁለት ልጃገረዶች ተራ በተራ ጉንጫቸውን ወደ ሣሩ እያስጠጉ ፎቶ ይነሣሉ። አንደኛዋ «እዚህ መቃው ጋ አንሺኝ» ስትል ሰማኋት። መቃ! ሻርፔን አፌ ውስጥ ባልጎስር ኖሮ በሳቄ ቤቱን አናጋው ነበር። ያ ሣር መቃ ከሆነ እኔም የአሶሳ ከንቲባ ነኝ።

የማንጎ ጁስ ታዘዘልኝ። በብርጭቆው አፍ ላይ ቁራጭ ማንጎ ሰክተውበታል፣ ማንጎ መሆኑን እንዳንረሳ ይመስላል። ዋጋውን ራህማ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እኔ ግን ከሚቀጥለው ጠረጴዛ ሲከፈል አይቻለሁ። እኛ ወደዚህ አገር በመጣን ሰሞን ማንጎ የሚገዛ ሰው ቢኖር እንደ ቂል ይታይ ነበር። መንገድ ዳር ወድቆ ዝንብ ይወረዋል፣ ፍየል ይጠግበዋል፣ ልጆች ይወራወሩበታል። በስሙኒ አንድ ዘንቢል ሙሉ ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር፣ እሱንም የምንገዛው ስለሚያሳዝነን ነው። በአንድ ብርጭቆ ጁስ ዋጋ ያኔ ለእናቴ ከሱዳን የሚመጣውን አበባ ያለበትን ሻሽ፣ ለእኔ ነጭ የኮንጎ ጫማ፣ ለአባቴ ደግሞ የወር ትምባሆ መግዛት ይቻል ነበር። ዛሬ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን አንስተው ይወስዱታል፣ ለአንድ ሰው እንኳ ማስታወሻ የሚተርፍ ነገር የለውም።

እንዲህ እያልኩ በሆዴ ሳጉረመርም አስተናጋጇ አቧራ ለማጥፋት ወደ ታችም ወደ ላይም ውሃ እየረጨች አለፈች። ውሃው ጣሪያው ሥር የተደረደረውን አገዳ ነካው መሰለኝ፣ አንድ ሽታ ወረደብኝ። ጣፋጭ ሽታ ነው፣ እንደ እርጥብ ድርቆሽ ያለ፣ የከብት በረት አጠገብ ሲደርሱ የሚሸት ዓይነት። ቀና ብዬ አየሁ። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር በዚያው ሣር አገዳ ተሸፍኗል። ጁሱን አስቀመጥኩት። ከዚያ ሽታ ሥር አንድ ጊዜ ኖሬያለሁ፣ ሁለተኛ ልኖር አልፈልግም።

ከወሎ ስንመጣ እኔ ገና ጡቴ ያላጎጠጎጠ ልጅ ነበርኩ። ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ በኋላ፣ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ እየጫኑ ሲያመጡን፣ «ጥጋብ አገር ነው» ብለውን ነበር። ዋሽተው አልነበረም፣ ሣሩ ጠግቦ ነበር። ሰው በሬ ላይ ቢቀመጥ ሣሩ ይውጠዋል። ለመንደራችን ስም እንኳ አልሰጡንም፣ ቁጥር ነው የሰጡን፤ ዛሬም ድረስ የት ነሽ ስባል ቁጥር ነው የምጠራው። የአባቴን ካኪ ኮት አስታውሳለሁ፣ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ጨርቅ የተጣፈ። የእናቴን አረንጓዴ ቀሚስ አስታውሳለሁ፣ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ የሣር ቀለም ሆኖ ነበር። ማታ ማታ ከሱዳን በኩል የሚመጣ ዘፈን በሬዲዮ ይሰማል፣ ቃሉ ባይገባንም እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች «ይሄም እንደኛ የሆነ ነገር ናፍቆታል» ትል ነበር። መንደሩ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበር። የያሲን።

ያሲን የምድባችን መሪ ነበር። መልከ መልካም፣ ጸጉሩን በቅባት የሚያብስ፣ የካኪ ጃኬቱ ኪስ ላይ እስክሪብቶ የሚሰካ ወጣት። በዚያ እስክሪብቶ ሲጽፍ ያየው ሰው የለም። ሬዲዮውን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ባትሪው ሲያልቅበት ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደ ሕመምተኛ ይጠብቀዋል። እሱም ከወሎ ነው የመጣው፣ ከአንድ ወንዝ ዳር፤ በሆነ ባልሆነው «እኔ የመቃ አገር ልጅ ነኝ» ማለት ይወዳል። በአገራችን መቃ ዋጋ አለው፤ የግድግዳው ማገር፣ የጣሪያው መረብ፣ የጎተራው ወገብ ሁሉ ከመቃ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቤት ሥሩ ሲባል ሁላችንም እሱን ተከተልን።

መቃ ያለው ወንዝ ከመንደሩ ሩቅ ነበር፣ ማልዶ ወጥቶ ቀትር ላይ የሚደረስበት። ከመንደሩ ጀርባ ግን ረግረግ ነበረች፣ በውስጧ እንደ መቃ ያለ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለባት። ክረምት መግቢያ ስለነበር ገና አላበበም። ሳያብብ ደግሞ ሁለቱን በዓይን መለየት የሚችል ሰው የለም፤ ቁመቱ ያው፣ ቅጠሉ ያው፣ አንጓው ያው። ለእኛ ለወሎዬዎች ደግሞ በአገራችን ውሃ ዳር አንጓ አውጥቶ የሚቆም ረጅም ነገር መቃ ብቻ ነው፣ ሌላ የምናውቀው የለም። አባቴ ብቻ አንዱን ቆርጦ ነከስ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«ያሲን፣ ይሄ ነገር ይጣፍጣል። የኛ አገር መቃ አይጣፍጥም» አለ።

ያሲን ሳቀ። «ጋሽ ሰይድ፣ አገሩ ለም ስለሆነ እኮ ነው! እዚህ አገር መቃውም ይጣፍጣል!» ብሎ ጮኸ።

ሰው አጨበጨበለት። በአላህ፣ እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። ተርበን ነው የመጣነው፣ እናም መቃው ሳይቀር የሚጣፍጥበት አገር መጣን ሲባል ማን ያስተባብላል? ወንዱ ሁሉ ረግረጓ ውስጥ ገብቶ እጁ እየተቆረጠ አጨደ። የዚያ ሣር ቅጠል ዳሩ እንደ ምላጭ ነው፣ መዳፍን ይሸነትራል። እሱንም ያሲን «የጠገበ መቃ ነው» አለው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ መንደሩ ሙሉ ተሠራ፣ እንግዶች ከሩቅ መጥተው አዩት፣ ያሲንም ከፊት ቆሞ ንግግር አደረገ።

ከኛ መንደር አለፍ ብሎ የአገሩ ተወላጆች፣ በርታዎች፣ ይኖሩ ነበር። ከነሱ አንዷ ሐዋ ትባላለች፣ ባሚያና ጨው ይዛ ፍየሎቿን እየነዳች በደጃችን የምታልፍ ረጅም ሴት። የለበሰችው የሱዳን ጨርቅ ቀይና ቢጫ ስለነበር ከሩቅ ትታየናለች። አንድ ቀን ከፍየሎቿ አንዷ ከመንገድ ወጥታ ጭቃ ገና ያልተለሰነውን ግድግዳችንን መብላት ጀመረች። እኔ ዱላ ይዤ ሮጥኩ። ሐዋ ግን ፍየሏን ከመከልከል ይልቅ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የምትለው፤ አማርኛዋ እንደዚያ ነው።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ይሄ ምን ሠራህ? ይሄ ቤት አይደለም። ይሄ የፍየል ምሳ።»

ከግድግዳው አንድ አገዳ መዝዛ በቢላዋ ቆረጠችና ጫፉን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነፋችው። ድምፅ የለም። ከራሷ ዘንቢል እጀታ ላይ ደግሞ አንዲት አጭር መቃ ፈትታ ነፋች፤ ጥርት ያለ ፉጨት ወጣ፣ ፍየሎቹ ሁሉ ቀና አሉ። «ይሄ ሆድ ባዶ። ይጮሃል» አለች። «ያ ሆድ ሞልቷል። ሆድ የሞላ ምስጥ ይወዳል፣ ፍየል ይወዳል። አንተ እዚህ ውስጥ አይተኛም።» ከዚያ እንደገና ሳቋ መጣ፣ እየሳቀች ሄደች። ንቀት ማለት ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያየሁት በሐዋ ፊት ላይ ነው፣ ደግሞም ሲያምርባት! እኔም ያኔ ተማርኩት፣ ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

ለአባቴ ነገርኩት፣ አባቴ ለያሲን ነገረው። ያሲን ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ሰማና «ጋሽ ሰይድ፣ ፍየል የምትነዳ ሴት ናት እንግዲህ የቤት አሠራር የምታስተምረን?» አለ። በዚያ ላይ እንግዶቹ አይተውታል፣ ተናግረውበታል፤ አሁን ፈርሶ ይሠራ ቢባል ፊቱን የት ያስገባዋል? አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። «እሺ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ግድግዳውን በጭቃ ለሰነው፣ ሽታው ብቻ ቀረ፣ ያ ጣፋጭ ሽታ።

ምስጥ ድምፅ አለው። ከተኙበት ጆሮን ግድግዳው ላይ ቢያስጠጉ ከውስጥ ደረቅ ቅጠል የሚታኘክ ይመስላል። በክረምቱ እኩሌታ ላይ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ዝናቡ ጠነከረ። አባቴ የጋራው እርሻ ላይ ነበር፣ እኔ ለውሃ ወርጄ አንድ ዛፍ ሥር ተጠልያለሁ። እናቴ ቤት ውስጥ ዘር ትለቅማለች። ስመለስ ቤታችን አጥሯል። ጣሪያው የጠጣውን ውሃ ይዞ እንዳለ ወርዷል። ጎረቤቶች የጣሪያውን ክዳን ሰንበሌጥ እያነሱ ይጥላሉ፣ አገዳው በእጃቸው ውስጥ እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ያቺ አረንጓዴ ቀሚስ ከሥሩ ወጣች። እናቴ አልሞተችም፣ ወገቧ ተሰበረ። መደብ ላይ ተኝታ ቀረች፣ ሬዲዮው በሩቅ ሲዘፍን አንገቷን መነቅነቅ እንኳ አቃታት፣ እንደዚያው ሆና ሞተች።

ያሲን ለቅሶ መጣ። ጸጉሩ እንደተቀባ ነው። ከአባቴ አጠገብ ተቀምጦ «የአላህ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በእርግጥ ሁሉም የአላህ ነው፤ ረግረጓን የመረጠው ግን አላህ አልነበረም። እኔ ጥግ ሆኜ ትክ ብዬ አየሁት፣ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቅሁት። ልጅ ነበርኩ፣ ንቀቴ ግን የአዋቂ ነበር።

አባቴ አዲስ ቤት ከወንዙ መቃ ሠራ፣ ብቻውን፣ ማንንም ሳይጠይቅ። እኔ ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ደግሞ ለሚመጣው ሽማግሌ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይላቸዋል፦ «ልጁ አንድ እስር መቃ ቆርጦ ያምጣ፣ እዚሁ እንነፋዋለን።» ከብት አልጠየቀም፣ ልብስ አልጠየቀም። ያልጮኸ አገዳ አንድ ከተገኘ ሽማግሌው ይመለሳል። ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ በኋላ ግን የሌሎች ቤትም መርገፍ ሲጀምር ሁሉም አባት ያንኑ ማለት ጀመረ። የመንደራችን ወግ ሆነ። በሠርግ ላይ ሴቶቹ እያጨበጨቡ

«ያልጮኸ መቃ ይዞ የመጣ፣
ከደጅ ይመለስ ውሃ ሳይጠጣ»

ይሉ ነበር። ስንቱ መልከ መልካም በሙዚቃ ተሸኝቶ ተመልሷል! የእኔ ሙሄ መልክ አልነበረውም፣ ጆሮውም ትልልቅ ነበር፣ ግን ያመጣው እስር ከአንድ እስከ መጨረሻው ሲነፋ ደጃችን የሠርግ ቤት መሰለ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሙሄ ጋር በመቃ ቤት ውስጥ ልጆች ወልደን አሳደግን፣ ጣሪያው አንድ ቀን እንኳ አላስደነገጠንም፣ ሙሄም ከዚያው ቤት ወጥቶ ተቀበረ።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ሲመጣ መቃውም፣ ወጉም፣ ዘፈኑም ቀረ፤ የዛሬ ልጆች ሁለቱን አገዳ አጠገባቸው ብታስቀምጡላቸው ሁለቱንም ሣር ይሉታል። ግብርና ቢሮ ያንን የረግረግ ሣር «የዝሆን ሣር» የሚል ስም አውጥቶለት ለከብት መኖ ትከሉት ይላል። ይኸው፣ መኖ መሆኑ ታወቀ! አሶሳ ገበያ አጠገብ የመጀመሪያውን የቆርቆሮ መደብር የከፈተው ማን ይመስላችኋል? ያሲን። ሰው ሣር ቤቱን በፈራ ቁጥር እሱ ቆርቆሮ ሸጠ። ሐጅ አደረገ፣ ሐጂ ያሲን ተባለ፣ የመንደሩ ምሥረታ በዓል ሲከበር ማይክራፎን ይዞ «ያኔ እኛ በመቃ ቤት ሠርተን» እያለ ይናገራል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔም «ደህና ኖት ሐጂ» እለዋለሁ፣ አንቱ ብዬ፣ ከሩቅ። ሰው አክብሮት ይመስለዋል። ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት ባምባሲ ድረስ ሄጄ ገዝቼ ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው እንግዲህ ጁስ ቤቱ ውስጥ ቀና ብዬ ጣሪያውን የማየው። ራህማ ብርጭቆዋን ታሽከረክራለች።

«እማዬ» አለችኝ፣ «አብዱ ሽማግሌ ሊልክ ነው።»

«አብዱ ማነው?»

«የዚህ ቤት ባለቤት።»

ቀጭን፣ ጢሙን በጥንቃቄ ያስተካከለ ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ጨዋ ነው፣ አይካድም። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁ። ራህማ ወደ ብርጭቆዋ እያየች «የሐጂ ያሲን የልጅ ልጅ ነው» አለች። አያት በረግረግ ሣር መንደር ሠራ፣ የልጅ ልጅ በዚያው ሣር ጁስ ቤት ሠራ! ዘር ከዘር ሲወርድ እንዲህ ነው።

«ይሄ ጣሪያ በምንድነው የተሠራው ልጄ?» አልኩት።

«በመቃ ነው እማማ፣ በባህላችን» አለ እየኮራ።

«እርግጠኛ ነህ?»

ስልኩን አወጣና ወደ ጣሪያው ቀሰረው፣ ፎቶ ሲያነሣው ስልኩ ራሱ የተክሉን ስም ይናገራል አለኝ። ስልኩ ብርሃን አነሰኝ አለ። ሳቄን ዋጥኩና ሻርፔን አስተካክዬ ተነሣሁ። የራህማ እናትና አባት ባምባሲ ነው ሥራቸው፤ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ የጋብቻዋም ቃል የኔ ነው። «ሽማግሌ ይምጣ» አልኩ፣ «ግን አንድ እስር መቃ ይዞ ይምጣ። እዚያው እንነፋዋለን። አንድ ካልጮኸ ይመለሳል።»

ቤት ስንደርስ ራህማ ፈነዳች። «በብሎኬትና በጂፕሰም ዘመን? ሰው ምን ይለኛል? አያትሽ ጃጀች ይለኛል!» አለች። ይበል አልኳት። አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስትቀመጥ ግን ድምፅዋ የእናቴ ድምፅ ሆኖ መጣ። «እማዬ፣ እምቢ ካልሽ ያለ ምርቃትሽ ኒካህ አስራለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እዚህ ቤት አልመጣም» አለችኝ። እንደማትቀልድ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። ቤቱ ያለሷ ምን እንደሚመስል አሰብኩት። ነገር ግን ያቺ አረንጓዴ ቀሚስ ዓይኔ ላይ አለች፣ ቃሌን አላጥፍም አልኩ። ለቀናት ተኳርፈን ከረምን።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። በረንዳዬ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ፍየሌን ከምሰሶው ጋር አስሬ ጠበቅኋቸው። አብዱ እስሩን ተሸክሞ ሲመጣ ነበር የጠበቅሁት፤ ለአንዱ ገበሬ ከፍሎ እንደሚያስቆርጥ አልተጠራጠርኩም። አንድ ባጃጅ መጣና ደጄ ላይ ቆመ፣ ጣሪያው ላይ አንድ እስር አገዳ ታስሯል። ከውስጡ የወረደው ሐጂ ያሲን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። አብዱ ከኋላው ሊደግፈው ሲሞክር በክርኑ ገፋው።

«ልጁ አይደለም የቆረጠው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ከወንዙ እኔው ነኝ የቆረጥኩት።»

«ከሩቁ ወንዝ ሐጂ?» አልኩ።

«ከሩቁ።»

«እጅዎትስ?»

እጁን ደበቀ። «እዚያም ዳር ዳሩን ያ ሣር ተቀላቅሎበታል። ቅጠሉ ቆረጠኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ምንም አልተሰማኝም አልልም። ተናደድኩ። አሁን ነው ወንዙ የታየህ? እናቴ ቀና ማለት አቅቷት ስትከርም መንገዱ ያው መንገድ፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነበር። ያኔ ወጣት ነበርክ፣ አሁን ለመቆም ምርኩዝ ትፈልጋለህ። ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ እስሩን ፈታሁት።

አንዱን አንስቼ ነፋሁ፤ ጮኸ። ሁለተኛውም ጮኸ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ በኋላ ግን አንደኛው በልጅነቱ የሰማውን የሠርግ ግጥም እያስታወሰ ማጨብጨብ ጀመረ። ራህማ ከመጋረጃው ኋላ ናት፣ ጣቶቿ ጨርቁን እንደያዙ ይታዩኛል። አንድ አገዳ በጮኸ ቁጥር ያሲን ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ደግሞ በነፋሁ ቁጥር ፈለግሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የማይጮኸውን ፈለግሁ። እስሩ ሊያልቅ ሲል አገኘሁት። ከሌሎቹ ትንሽ ከበድ ይላል። ከንፈሬ ላይ አስጠግቼ ነፋሁ፣ ትንፋሼ ተመልሶ ፊቴ ላይ መጣ። ያ ጣፋጭ ሽታም አብሮት መጣ።

ሽማግሌዎቹ አሁንም ስለ ድሮ ሠርግ ያወራሉ። ያሲን ግን ሰማ፣ ማለቴ ዝምታውን ሰማ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሁሉንም ነፍቻቸው ነበር» አለኝ፣ «መጨረሻዎቹ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። በዓይኔ ነው የለየኋቸው።»

በዓይኑ! ይኸው ሰውየው፣ ተጎሳቁሎም ያው ሰውየው ነው። አገዳውን ከፍ አድርጌ ለሽማግሌዎቹ ባሳይ ማንም አይወቅሰኝም፣ ቃሌ ነው። ወደ መጋረጃው አየሁ። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ይህን ሰው አየሁት፣ ጭቃ የደረቀበትን ሱሪ፣ ደም የነካውን ጨርቅ፤ ልቤ እንዲህ አለኝ፦ ዘይነባ፣ መንደር ሙሉ ያሳሳተ ሰው አሁን የተሳሳተው በአንድ አገዳ ነው፣ ለእሱ ይሄም ትልቅ መሻሻል ነው።

አገዳውን ከኋላዬ ምሰሶው ሥር ጣል አደረግሁና የቀሩትን ነፋሁ፤ ሁሉም ጮኹ። «በቃ» አልኩ ለሽማግሌዎቹ፣ «ልጅቷ የእናንተ ናት። አንድ ነገር ብቻ፤ የዚያ ጁስ ቤት ጣሪያ ዛሬውኑ ይውረድ። ልጄ ከሥሩ አትቀመጥም።» አብዱ ለምን እንደሆነ ሳይገባው «እሺ እማማ፣ እሺ» አለ። መጋረጃው ተገለጠና ራህማ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ጀመሩ፣ ሁሉም እጁን ዘረጋ።

እኔና ያሲን ብቻ አሜን አላልንም። ከኋላዬ የሚያኝክ ነገር ሰምተን ሁለታችንም ዞረናል። ፍየሌ አገዳውን በእግሯ ረግጣ ይዛ፣ ቅጠሉን ጨርሳ አንጓው ላይ ደርሳለች። ያሲን አያት፣ ከዚያም እኔን አየኝ።

«እናትሽ…» አለና የቀረው አልወጣለት አለ። ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣ ቃል አሁን ከየት ይወጣል?

«ዝም በል ያሲን» አልኩት። አንተ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። «ምሳዋን ትብላ።»

ፍየሏ እስክትጨርሰው ድረስ ጎን ለጎን ሆነን ጠበቅናት።